«ብልጭ አለልኝ» ከማለት «ዘረፍሁ» ማለት ይሻላል

በትምህርት ቤታችን ግቢ ከጧት እስከ ማታ ከምንሰማቸው አነጋገሮች አንዱ «ብልጭ አለልኝ» የሚለው ነው። የሒሳብ ጥያቄ ሲፈታ «ብልጭ አለልኝ» ይባላል፤ ድርሰት ሲጀመር «ብልጭ አለልኝ» ይባላል፤ ከክፍል ለመቅረት የሚሆን ምክንያት ሲገኝ እንኳ «ብልጭ አለልኝ» ይባላል። ፈተና ሲደርስ ደግሞ አነጋገሩ ወደ ተስፋ ይለወጣል። «ግድ የለም፣ እዚያው ስገባ ብልጭ ይልልኛል» የሚል ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም። ይህን የሚለውን ተማሪ ሰነፍ ነው ብዬ አልፈርድበትም፤ እንዲህ እንዲያስብ ያስተማረው ቋንቋው ነውና። ስለዚህ ስለዚሁ አነጋገር ትርጉምና አመጣጥ፣ እንዲሁም አባቶቻችን ለዚሁ ነገር ስለ ነበራቸው ስለ ሌላው ቃል የሚታየኝን ለመጻፍ ተነሣሁ። ክቡራን መምህራንና ወላጆች፣ እናንተም ጓደኞቼ፣ የማትስማሙበት ነገር ቢኖር በሚመጣው ዓመት እትም መልስ ይጻፍልኝ።

አስቀድሞ ቃሉን እንመልከት። «ብልጭ» ማለት የብርሃን ድንገተኛ መታየት ነው። «አለ» ደግሞ በአማርኛችን ብዙ ቃላትን የሚያንቀሳቅስ ግሥ ነው፤ ቦግ አለ፣ ድርግም አለ፣ ዱብ አለ፣ ወለል አለ እንላለን። ቁም ነገሩ ያለው ግን በመጨረሻዋ በ«ልኝ» ላይ ነው። ብልጭ ያለው ሐሳቡ ነው፤ እኔ ተቀባይ ብቻ ነኝ። «በራልኝ»፣ «ተገለጠልኝ»፣ «መጣልኝ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፤ በአንዳቸውም ውስጥ ሰውየው የግሡ ባለቤት አይደለም። ነገሩ ሲከፋም «ልኝ» ወደ «ብኝ» ይለወጣል እንጂ እኛ አሁንም ምንም አንሠራም፤ «መልሱ ጠፋብኝ»፣ «ተሰወረብኝ»፣ «ጨለመብኝ» እንላለን። መልሱ በገዛ እግሩ ተነሥቶ የሄደ ይመስላል! ምናልባት «መብራት መጣ፣ መብራት ሄደ» ማለት ስለ ለመድን ይሆናል፣ አእምሯችንንም ሌላ ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚያበራውና የሚያጠፋው አድርገን የምንቆጥረው።

«ብልጭ» ከምን የመጣ ነው? ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው መብረቅን ነው። በእኛ በደጋው አገር በክረምት ሌሊት መብረቅ ብልጭ ሲል ሜዳውና ገደሉ ለአንድ አፍታ ቀን ይመስላል፤ ወዲያው ይጨልማል። ድንገተኛ ሐሳብም እንዲሁ ከሰማይ ይወርዳል ይባላል። እኔ ግን ቃሉን ከሰማይ ወደ ምድር ባወርደው ይሻለኛል። ባልጩት የሚባለውን ድንጋይ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ«ብልጭ» እና በ«ባልጩት» ውስጥ ያሉት በ፣ ለ፣ ጨ አንድ ናቸው፤ ይህም በከንቱ የተገጣጠመ አይመስለኝም። ክብሪት በየገበያው መሸጥ ሳይጀምር እሳት ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ ባልጩትን በብረት መምታት ነበር። ሰውየው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዐሥር ጊዜ ይመታል፤ ብልጭታው ይወጣል። ብልጭታው ግን ገና እሳት አይደለም። ከሥሩ እንደ ጥጥ የለሰለሰና የደረቀ ነገር ካልጠበቀው ወዲያው ይሞታል። ድንጋዩና ብረቱ እስካሉ ድረስ ብልጭታ አይጠፋም፤ የሚቸግረው ደረቁን ነገር አዘጋጅቶ መገኘት ነው። በዚህም ችግር ምክንያት እናቶች ማታ ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍነው ያድሩ ነበር፤ የጠፋባትም «እሳት ልጫር» ብላ ወደ ጎረቤት ትሄድ ነበር። እንግዲህ «ብልጭ አለልኝ» የሚል ሰው መብረቁን እያሰበ እንደ ሆነ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ባልጩቱን እያሰበ እንደ ሆነ ግን ይመታል። ቃሉ አንድ ነው፣ የሚያደርሰው ግን ወደ ሁለት ቦታ ነው።

በአገራችን ስለ ድንገተኛ ሐሳብ ከማንም ይልቅ አጥብቀው ያሰቡት የቅኔ መምህራን ይመስሉኛል፤ ሥራቸው ይኸው ነውና። ቅኔ አዲስ ካልሆነ ቅኔ አይባልም። ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። ባለ ቅኔው በማኅሌቱ መካከል ቆሞ፣ ሊቃውንቱ እየሰሙት፣ የዕለቱን በዓልና የጊዜውን ነገር አንሥቶ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ወይም ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ያቀርባል። ይህን ሲያደርግ «ብልጭ አለለት» አይባልም፤ «ቅኔ ዘረፈ» ይባላል። እዚህ ላይ «ልኝ» የለችም። የግሡ ባለቤት ሰውየው ራሱ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን ስማቸው ከታወቀው ሦስት የቅኔ ቤቶች፣ ከዋድላ፣ ከዋሸራና ከጎንጅ፣ አንዱ ዋድላ በዚሁ በወሎ ምድር ነው፤ ሁለቱም በጎጃም ናቸው፤ ጎጃምም ከመካነ ሰላም ወዲያ ዐባይን የተሻገረ ሰው የሚገባበት አገር ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሹን ለምኖ እየበላ፣ ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ሲደርስ ማንም «ተቀመጥና ሐሳብ እስኪመጣልህ ጠብቅ» አይለውም። በመጀመሪያ የግእዙን ግሥ ይማራል። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ የሚባሉትን ስምንቱን አርእስተ ግሥ ከነእርባታቸው ያጠናል፤ አገባቡን ይማራል፤ ከመጻሕፍትና ከገድላት ታሪክ ይሰበስባል። ከዚያ በኋላ ቅኔ ቆጠራ ይጀምራል።

በዚህች «ቆጠራ» በምትባለው ቃል ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ጸጥ ወዳለ ቦታ፣ ወደ ዛፍ ሥር ወይም ወደ መቃብር ቦታ ይሄዳል። ፊቱን በነጠላው ወይም በደበሎው ይሸፍናል። ብራና የለም፣ ቀለም የለም። ቃላቱን በልቡ እያነሣ፣ እየመዘነ፣ እየጣለ ይቀመጣል፤ ሰሙ ከወርቁ ይጋጠም እንደ ሆነ፣ ቤቱ ይመታ እንደ ሆነ ይመረምራል። ይህን ሥራ አባቶቻችን «ቆጠራ» አሉት፤ ገንዘብ ወይም ከብት እንደሚቆጠር ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ከድንገተኛ ብርሃን የራቀ ቃል ሊገኝ ይችላልን? ከቆጠረ በኋላ ወደ መምህሩ ወይም ወደ አስነጋሪው ቀርቦ ይናገራል፤ ይህም «ነገራ» ነው። የተበላሸው ይታረማል፤ ጨርሶ የማይሆነው ይወድቃል። ተማሪው ነገም ሌላ ይቆጥራል። ብዙ ቀን ቆጥሮ፣ ብዙ ቀን ወድቆ፣ ቆጠራው ቀስ በቀስ እየፈጠነ ሲሄድ በመጨረሻ ቆሞ እንደ ንግግር ሲወርድለት ያን ጊዜ «ዘረፋ» ይባላል። ከጉባኤ ቃና እስከ ዕጣነ ሞገር ያሉትን ሁሉ ማድረስ ሲችልም «ሙሉ ቤት» ይሉታል። በውጭ ሆኖ የሚመለከት ሰው የሚያየው ዘረፋውን ብቻ ስለ ሆነ «እንዴት ያለ ስጦታ ነው!» ብሎ ይደነቃል። ነጠላ ተከናንቦ የተቆጠረባቸውን ቀኖች ያየ ግን መቃብሩ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ስለ ምን እንዲህ ያለ ክፉ ቃል መረጡ?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ለወሎ ሰው «ዘረፋ» በጆሮ የሚከብድ ቃል ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፤ ወላጆቻችንም እኛም ቃሉን የምናውቀው በመዝገበ ቃላት አይደለም። እንዲህ ያለውን ቃል ለተከበረ ጥበብ መስጠት ምን ይባላል?

በእኔ ግምት ነገሩ እንዲህ ነው። አማርኛ «ሰረቀ» እና «ዘረፈ» የሚሉትን ይለያቸዋል። የሚሰርቅ ሰው በጨለማ፣ ተደብቆ ነው፤ የሚዘርፍ ግን በአደባባይ፣ ሰው እያየው ነው። ባለ ቅኔውም የሚያደርገውን በድብቅ አያደርግም፤ በሊቃውንቱ ፊት ቆሞ፣ ቢሳሳት ወዲያው እንደሚታረም እያወቀ ነው። ድፍረቱና ፍጥነቱ ከጦረኛው ጋር ያመሳስለዋል። ጦረኛ ሲፎክር «ዘራፍ!» ብሎ የሚነሣው ከዚሁ ግሥ ነው። በ1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ የሸዋን ጦር በጥቅምት የቀጠሩት እዚሁ ወረኢሉ ላይ እንደ ነበረ ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ተምረናል። ያን ጊዜ በዚህ ሜዳ ስንት «ዘራፍ» እንደ ተሰማ ይታሰባችሁ። የቅኔ ሰዎች ቃሉን ከጦር ሜዳ ወስደው ጉባኤ አስገቡት፤ ይኸውም ራሱ ዘረፋ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላም ነገር አለ። በቅኔና በግጥም እያንዳንዱ ስንኝ «ቤት» ይባላል። ዘራፊ ወደ ሰው ቤት ገብቶ ባዶ አድርጎት ይወጣል፤ ቅኔ ዘራፊ ግን ባዶ ቤት አግኝቶ ይሞላል። ደግሞም ልብ በሉ፤ የሌላውን ሰው ቅኔ ወስዶ እንደ ራሱ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው «ዘረፈ» አይባልም፤ ያ ሰው ሌባ ነው፣ በጉባኤውም ያፍራል። «ዘራፊ» የሚለው ስም የሚሰጠው ከማንም ሳይወስድ አዲስ ላመጣው ብቻ ነው። ይህን ስረዳ ቃሉ በጆሮዬ መክፋቱን ተወ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ የተደረገው የመልስ ስርቆትን ለመከልከል ነበር። በዚያ ዙር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረቱን፣ የጦርነቱን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ሁሉንም በተማሪው ላይ አይጭንም። ቢሆንም ከየክፍሉ ውስጥ መስረቅን የለመደ፣ ብልጭታንም የሚጠብቅ ብዙ፣ መዝረፍን የተማረ ግን ጥቂት እንደ ነበረ አምናለሁ።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተናል። ስለ ድንገተኛ ጸጋ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ከኤደን የመጡትን ሦስቱን ወፎች ነው። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ከወፎቹ በፊት ትሉ አለ። ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ፣ በዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከዛፉ ላይ የወጣውን ትል አየ፤ ተመልሶም ተማረ። ወፎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ትሉን ትቶ ወፎቹን ብቻ የሚተርክ ሰው ታሪኩን ከመካከል ጀምሮታል።

በውጭ አገርም ቢሆን ከዚህ የተለየ አላገኘሁም። አርኪሜዴስ ገላውን ሲታጠብ የንጉሡን ዘውድ ጥያቄ ፈትቶ «ዩሬካ» እያለ ወጣ ይባላል፤ ትርጉሙም «አገኘሁት» ማለት ነው እንጂ «ተገኘልኝ» አይደለም። ሐንሪ ፖንካሬ የተባለው የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 በሰጠው ንግግር፣ ኩታንስ በተባለች ከተማ በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ላይ ለመውጣት እግሩን ባነሣበት ቅጽበት አንድ ትልቅ የሒሳብ ሐሳብ እንደ መጣለት ተናግሯል። ይህንን የሚጠቅሱ ብዙ ናቸው። ከዚያ አስቀድሞ ለ15 ቀን ያህል በየቀኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሲደክም እንደ ነበረ፣ አንድ ሌሊትም ከልማዱ ውጭ ጥቁር ቡና ጠጥቶ እንቅልፍ አጥቶ እንዳደረ መናገሩን ግን ብዙዎቹ ይዘሉታል። (ቡናው ከየት አገር እንደ ሄደ ባይነግረንም ለወሎ ቡና ጠጪ ደስ የሚያሰኝ ነው።)

እዚህ ላይ ከባድ የሚባል ተቃውሞ አለ። «አልቃሿ ሴት የት ተማረች? አዝማሪውስ ስንት ግሥ አጠና?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ በለቅሶ ቤት ደረቷን እየመታች የምትገጥም አልቃሽ ፊደል ላትቆጥር ትችላለች። ግን ሥራዋን ቀረብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁን? ወደ ለቅሶው ስትመጣ የሟቹን አባትና አያት፣ ያረሰውን መሬት፣ ያሳደገውን የሙት ልጅ፣ የተጣላውንና የታረቀውን ታውቃለች፤ የማታውቀውን ከዘመድ ትጠይቃለች። ከሕፃንነቷ ጀምራ እናቶች ሲገጥሙ ሰምታለች። ቆጠራው በመቃብር ቦታ በአንድ ቀን ሳይሆን በእያንዳንዱ ለቅሶ ላይ ሲከማች የኖረ ነው። አዝማሪውም መሰንቆውን ይዞ ከእንግዳው ግጥም ሲቀበል፣ «ተቀበል!» የሚሉት ቃሉን እንጂ ችሎታውን አይሰጡትም። የተሰጠውን ሁለት ስንኝ ወዲያው በዜማው ልክ የሚያስገባው ከእርሱ በፊት ሌላ ሺህ ስንኝ አልፎበት ነው። ስለዚህ ተቃውሞው ነገሬን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

«ታዲያ የእግዚአብሔር ስጦታ የለም ልትል ነውን?» ለሚሉኝ አባቶች፣ እንዲያ አላልሁም። የእስልምና መምህራን በነቢያት ላይ የሚወርደውን «ወሕይ» እና በሰው ልብ የሚጣለውን «ኢልሃም» ለይተው ያስተምራሉ። በወሎ መንዙማ የሚደርሱት ሸሆች ኢልሃም እንዳለ ያምናሉ፤ ቢሆንም ደረሳው ነሕውን፣ ማለት የዐረብኛውን ሰዋስው፣ ዓመታት ፈጅቶ እንዲማር ያደርጉታል። የቅኔ መምህሩም እንዲሁ ጸሎቱን አድርሶ ግሡን ያስጠናል። ሁለቱም ወገን ስጦታውን ለሰጪው ትተው ሥራውን ለተማሪው ሰጡ። «ልኝ» የምትለዋ ቃል ለምስጋና ትኑር፤ ለዕቅድ ግን አትሆንም።

አቋራጭ መንገድ መፈለግ በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ድሮም የተማሪን ልቡና ይከፍታል እየተባለ አብሾ የሚጠጣ ነበር። አብሾ የሚቀመመው አስተናግር ወይም ዕፀ ፋሪስ ከሚባለው ተክል ነው ይባላል። ይህ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል ተክል መርዛማ ነው፤ ያሰክራል፣ ያሳብዳል፣ ሲበዛም ይገድላል። ከዚህ ሁሉ ጥበብ ለአማርኛችን የቀረው «አብሾ አለበት» የሚለው አነጋገር ነው፤ እርሱም ሲጠጣ ጠባዩ ለሚለወጥ ሰው ይነገራል እንጂ ስለ ሊቅነት አይነገርም። ዛሬ ደግሞ ፈተና ሲቀርብ በየቤቱ ተሰብስቦ ጫት እየቃሙ ምርቃናን መጠበቅ አለ። ሽማግሌዎች ለዱዓ ስለሚይዙት አላወራም፤ ያ የእነርሱ ሥርዓት ነው። የማወራው ዓመቱን ሙሉ ደብተሩን ሳይገልጥ ከርሞ በመጨረሻዋ ሳምንት ስለሚመረቅነው ተማሪ ነው። በምርቃና ጊዜ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል፤ በማግሥቱ ጧት ወረቀቱ ላይ ግን የሚገኝ የለም። ብልጭታው ነበረ፤ ደረቁ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን አስተዳደርና ለአማርኛ መምህራን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሐሙስ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ «የቆጠራ ሰዓት» ይኑረን። መምህሩ አንድ ቃል ይስጠን። ወረቀትም ስልክም ሳንይዝ በግቢው ውስጥ ተበታትነን፣ እያንዳንዳችን ለብቻ ተቀምጠን፣ በዚያ ቃል ላይ ሁለት ቤት ግጥም በልባችን እንቁጠር። ከዚያ ተመልሰን እንናገር። ሕጉ አንድ ብቻ ይሁን፤ ከዚህ በፊት የተባለ አይደገም። ግእዝ የማያውቅ በአማርኛ ይቁጠር፤ መንዙማ የለመደ በመንዙማው ዜማ ያምጣው፤ ሒሳብ የሚወድም ቢፈልግ ቃሉን ትቶ አንድ ጥያቄ ይዞ ይቀመጥ።

«ክፍሉ ብዙ ተማሪ ስላለበት ማን ያርማል?» የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። በቅኔ ቤትም መምህሩ ሁሉን ብቻውን አያርምም፤ የቀደሙት ተማሪዎች የኋለኞቹን ያስነግራሉ። እኛም በዐሥር በዐሥር ተከፍለን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የ9ኛውን ብናስነግር ይቻላል። ከየደብሩ ቅኔ የሚያውቅ መሪጌታ፣ ከየመስጊዱም ስለ መንዙማ የሚያስረዳ ሸህ በዓመት አንድ ቀን ቢጋበዝ እምቢ የሚል አይመስለኝም፤ ወላጆችም በዚህ ሊረዱን ይችላሉ። በመጀመሪያው ወር የምናመጣው ግጥም ደካማ ይሆናል፤ ይህ የታወቀ ነው፣ ለነገራ የሚቀርበውም እንዲታረም ነው።

ለመጀመሪያው ሐሙስ የሚሰጠው ቃል «ባልጩት» ቢሆን ደስ ይለኛል። እኔ በበኩሌ አንዲቷን ቤት ይዣለሁ፤ ሁለተኛይቱን ገና እየቆጠርሁ ነው።